ከጎሉ ጀርባ የቆመው ሰው

ሰበታ ያለው የሐጂ መጋዘን ሊፈርስ ነው ብለው ሲነግሩኝ ከቡራዩ ተነስቼ ሄድኩ። የጠራኝ ሰው አልነበረም። የዚያን መጋዘን ታሪክ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በሕይወት እንደሌለ ስለማውቅ ሳልጠራ ሄድኩ። ጎረምሶቹ የጣሪያውን ቆርቆሮ ገፈው ግድግዳውን እየገፉ ነበር። ከቆጡ ላይ አንድ የዛገ ክብ ጣሳ አውርደው «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው? የቅቤ ነው?» አሉኝ። ክዳኑን በቢላ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ሽታው ፊቴን መታኝ። አቼቶ።

«ሰላጣ ነበረበት እንዴ?» አለ አንዱ።

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የፊልም ጥቅል ሲያረጅ እንደ አቼቶ ይሸታል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እዚያው ቆሜ በአፍንጫዬ ደረስኩበት። ኋላ አንድ የተማረ ሰው ብጠይቀው «ልክ ነዎት» ብሎኛል። የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት እንደዚህ ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ አስተማሪውም ተማሪውም እኔው ነኝ። ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ በእጄ ያላለፈ የወፍጮ ሞተር ካለ፣ ተበላሽቶ የማያውቅ መሆን አለበት።

የልጅ ልጄ ቡራዩ ውስጥ ኳስ ማሳያ ቤት ከፍቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቱ ወንበር ተሻምቶ የእንግሊዝን ኳስ ያያል። «አባባ፣ አሁን እኛ የምናየውን አሜሪካ ያሉትም ቁርሳቸውን እየበሉ በዚህችው ደቂቃ እያዩት ነው» ይለኛል፣ አዲስ ነገር የነገረኝ መስሎት። እኔ ከአሜሪካኖች ጋር የእንግሊዝን ኳስ ያየሁት አባቱ ሳይወለድ ነው። ለአሜሪካኖች ተብሎ የተዘጋጀውን፣ እነሱ አይተው የጨረሱትን፣ ሰበታ ሆኜ በአንድ ክረምት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ማየት ብቻም አይደለም፣ ለከተማው የተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚያ ክረምት ሰበታ ውስጥ ብዙ ተወርቷል። ትክክለኛው ይህ ነው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አብዮቱ ገና አልመጣም። ትምህርት ቤታችን ሚስተር ኬን የሚባል ጢመ ቀይ፣ ረጅም አሜሪካዊ አስተማሪ ነበር። ክረምት ሲገባ ጓደኞቹ ወደ አገራቸው ሄዱ፣ እሱ ቀረ። ታላቅ ወንድሙ አሜሪካ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ቴሌቪዥን ጣቢያ ይሠራል። ያ ጣቢያ እሑድ እሑድ የእንግሊዝን ኳስ ያሳይ ነበር። እንግሊዞቹ የአንድ ሰዓት ተኩሉን ጨዋታ ቆራርጠው አጭር ያደርጉታል፣ ኳሱን ለማያውቅ ሰው የሚያስረዳ ድምፅ ይገባበታል፣ ከዚያ በጥቅል በጥቅል ይላካል። ታይቶ ሲያልቅ ይጣላል። ወንድምየው ከሚጣለው ውስጥ አራት ጥቅል አንስቶ ለሚስተር ኬን በፖስታ ላከለት። ሚስተር ኬን የሲኒማ ማሽኑን ከአዲስ አበባ ተውሶ አመጣ። የእህል ነጋዴው ሐጂ ክረምት ክረምት ባዶ የሚሆነውን የእህል መጋዘናቸውን ፈቀዱ። እኔ ደግሞ ራሴን ሰጠሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ፊልሙን በማሽኑ ጥርሶች መሀል ሲያስገባ አየሁት። በሁለተኛው አንዷን ጥርስ ሲዘላት «ሚስተር ኬን፣ እዚህ ጋ» አልኩት። በሦስተኛው እሱ ሲጋራውን ያጨሳል፣ እኔ አስገባለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ከለከለኝ። በማሽኑ ጎን ትንሽ እጀታ ነበረች። ወደ ታች ሲጫኗት ፊልሙ ይቆማል፣ መብራቱ ግን ይበራል።

«ይህን ፈጽሞ» አለኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። «መብራት በጣም ሙቅ። ፊልም ይቃጠል።»

በማይረባ ቁራጭ አሳየኝም። እስከ ሦስት ሳይቆጠር የሥዕሉ መሀል ቡናማ ሆኖ አበጠና ፈነዳ። አንዴ ያየሁትን አልረሳም።

ቅዳሜ ከሰዓት መስኮቶቹን በጆንያ እንሸፍናለን። የመብራቱ ሞተር ውጭ ቆርቆሮ ሥር ይነሳል። ሰው በእህል ማስቀመጫው ርብራብ ላይ ይደረደራል፤ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ጋሪ ነጂው፣ ልጅ ያዘለችው። እኔ ሥዕሉ ከሚያርፍበት ነጭ አቡጀዲ አጠገብ የጤፍ ጆንያ ላይ ቆሜ በአማርኛ አወራለሁ። እንግሊዝኛዬን ያወቅኩት ከዚያው ከፊልሙ ነው። አንድ ሰው ቃሉን እያለ ነገሩን ካሳየህ ለመማር ሞኝ አለመሆን ብቻ ይበቃል፤ የፊልሙ ተናጋሪ ደግሞ ሁሉንም ነገር እያሳየ ነበር የሚናገረው።

«ምን አለ አሁን?» ይላል ጋሪ ነጂው።

«በረኛው በእጁ መያዝ ይችላል አለ።»

«እሱማ ይችላል! ይሄን ለማን ነው የሚነግረው?»

«ለአሜሪካኖች።»

«አያውቁም?»

«አያውቁም።»

«ቆይ፣ ጨረቃ ላይ የወጡት እነሱ አይደሉም እንዴ?»

መጋዘኑ በሳቅ ይናወጣል። ሚስተር ኬን ምን እንዳሳቃቸው ይጠይቀኛል፤ አልነግረውም። እንግዳ አይሰደብም።

ሳቁ ግን አይቆይም ነበር። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው፣ እንደ አመድ። ሜዳው ላይ ጭጋግ አለ። ተጫዋቾቹ ከጭጋጉ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ፣ አንዳንዱ ገብቶ አይወጣም። በዚያው ሰዓት ከወጨጫ ተራራ የሚወርደው የእኛ ጭጋግ በበሩ ሥር ይገባና በማሽኑ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል። ከሁለቱ ጭጋጎች የትኛው የእነሱ፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ ይምታታብኝ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ሚስተር ኬን ልጆቹን ሊያስቅ ፊልሙን ወደ ኋላ ያስኬደዋል። ሰዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ይሮጣሉ። ከመረቡ ውስጥ ኳሱ ወጥቶ ወደ እግር ይመለሳል። የሲጋራ ጭስ ከአየር ተሰብስቦ ሰው አፍ ውስጥ ይገባል። ሌሎቹ ልጆች ይንከተከታሉ። እኔ አንገቴ ሥር ይበርደኝ ነበር። ሙታን በትንሣኤ ቀን ሲነሱ እንዲህ ወደ ኋላ እየሄዱ ይመስለኝ ነበርና፣ ሌሊት ቤታችን ጓሮ የሰው ኮቴ ስሰማ ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ እያልኩ አዳምጣለሁ።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አልተጠራጠርኩም። የማየው ሁሉ አሁን የሚሆን ነው ብዬ አምን ነበር። ሬዲዮ ሲናገር ተናጋሪው አዲስ አበባ ተቀምጦ በዚያችው ሰዓት እየተናገረ ነው። እንግዲህ ይህ ሬዲዮ ምስል የጨመረበት ነው፤ ምስሉም የዛሬ ነው። ለልጅ አእምሮ ጥሩ ሂሳብ ነበር። ስህተቱ ጥቅሉ ላይ ነው፤ ጥቅሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ራሴን አልጠየቅኩም።

ኦቦ ቱፋ የመጡት በአራተኛው ቅዳሜ ነው። ቤታቸው ከመጋዘኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው፤ ጠንካራ ገበሬ ናቸው፣ ሲናገሩ ሰው ዝም ይላል። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ግርማ ነበር። ገና እኔ ነፍስ ሳላውቅ አሰብ ወርዶ መርከብ ላይ ተቀጠረ። ከእንግሊዝ አገር ወደብ ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ ከዚያ ደብዳቤው ቆመ። ካቻምና የጥምቀት ሰሞን ከመርከብ ባሕር ወድቆ ቀርቷል የሚል ወሬ አንድ ከአሰብ የተመለሰ ሰው አመጣ። ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ጎህ ሲቀድ ለመርዶ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ኦቦ ቱፋ ዱላቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ።

«ሬሳ ይዛችኋል?» አሏቸው።

«ኦቦ ቱፋ፣ ባሕር የወሰደውን ማን ያመጣል?»

«ወረቀትስ ይዛችኋል?»

ወረቀትም አልነበረም።

«እንግዲህ ከቤቴ ሰው አልሞተም። ደህና ዋሉ።»

ለቅሶ ሳይቀመጡ ቀሩ። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ቤታቸው ውስጥ እንባ እንዳያፈሱ ተከለከሉ። ሰበታ ውስጥ ለቅሶ ባለበት ቤት ሁሉ ግን አዴ ጫልቱ አሉ። የማያውቁት ሽማግሌ ሲሞት፣ የሦስት ቀን አራስ ሲሞት፣ ከሁሉ በላይ የሚያለቅሱት እሳቸው ናቸው። እኔ በልጅ ልቤ እኚህ ሴትዮ የከተማውን ሰው ሁሉ አብልጠው ይወዳሉ እል ነበር። ታላቅ እህቴ አስካለ ናት የነገረችኝ። «ደንቆሮ፣ በሰው ለቅሶ የራሳቸውን ነው የሚያለቅሱት።»

ያን ቅዳሜ ኦቦ ቱፋ ለፊልም አልመጡም፤ ስለ ሐጂ መጋዘን ኪራይ ሊነጋገሩ መጥተው ነው በር ላይ የቆሙት። እየታየ የነበረው ሦስተኛው ጥቅል ነው። ባለ መስመር ማልያዎቹ የማዕዘን ምት ሲመቱ ካሜራው ከጎሉ ጀርባ ያለውን ሕዝብ ያሳያል። ሁሉም ነጭ ፊት ነው። በግራው ቋሚ በኩል ግን አንድ ጥቁር ሰው አለ፣ ረጅም፣ የኮቱ ኮሌታ የተነሳ፣ ሁለት እጁን ብብቱ ሥር የከተተ። ሕዝቡ ይጮሃል፣ ይገፋፋል፤ እሱ አይንቀሳቀስም። ሁሉም ኳሱን ያያል፤ እሱ ኳሱን አያይም። እኛን ነው የሚያየው።

«ግርማ!» አሉ ኦቦ ቱፋ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ሽማግሌው በሰው እግር መሀል ተራምደው አቡጀዲው አጠገብ ደረሱ፣ ጥላቸው ግማሽ ሜዳውን ሸፈነው። በዚያን ጊዜ ሰውየው ከሥዕሉ ጠፍቶ ነበር።

«እጁን እንዲያ የሚይዘው በብርድ ከብት ሲጠብቅ ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ! ይሄ መቼ ነው?»

እስከዚያች ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ምንም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ተናጋሪው በፊልሙ መጀመሪያ «ዛሬ ከሰዓት» ይላል፤ ቃሉን በሚገባ አውቀዋለሁ፣ አልተሳሳትኩም።

«ዛሬ ነው፣ ኦቦ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ተናጋሪው ‹ዛሬ ከሰዓት› እያለ ነው።»

ኦቦ ቱፋ ጋቢያቸውን አስተካክለው እጄን ሳሙ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እጅ! ሰበታ በሙሉ አየ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲመጣ ሌላ ጥቅል ማሳየት ቀረ። ኦቦ ቱፋ ነጭ ጋቢ ለብሰው ከፊት ይቀመጣሉ። የማዕዘን ምቱ ሲቃረብ ይነሳሉ፣ አቡጀዲውን ሊነኩት ምንም አይቀራቸውም። «ኮቱ፣ ኢልመ ኮ» ይሉታል በኦሮምኛ፣ ና ልጄ፣ ና። ሰውየው ያያቸዋል። ሕዝቡ ይጮሃል። ሰውየው ይሄዳል።

እኔ እቆጥር ነበር። የማዕዘን ምቱ ከተመታ ጀምሮ ሰውየው እስኪመጣ ድረስ ዘጠኝ እቆጥራለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስቆጥር ስምንት ላይ መጣ። ቀጥሎ ሰባት ላይ። እየቀረበ ነበር። ማታ ይህን ለአስካለ ስነግራት የምታላግጥብኝ መስሎኝ ነበር፤ ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ዛሬ ምክንያቱን ማንም ልጅ ሊነግረኝ ይችላል። ፊልሙ እዚያ ጋ ደክሞ ነበር፤ በተበጠሰ ቁጥር ሚስተር ኬን የተጎዳውን ቆርጦ ጥሎ ጫፍና ጫፉን ያጣብቃል፤ ስለዚህ ፊልሙ ያጥራል። ቆርጦ ሲጥል አጠገቡ ቆሜ መቀስ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ቢሆንም ሰውየው እየቀረበ ነው ብዬ ማመኔን አልተውኩም። ስድስት ላይ ሲመጣ ሱሪዬን ጨብጬ ነበር።

አዴ ጫልቱ መጋዘኑን ረግጠው አያውቁም። አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ። እናቴ ገበያ ነበረች። አስካለ ወንበር አቀረበችላቸው፣ አልተቀመጡም።

«ፊልሙን የሚያውቀው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«የእንግሊዝ ንጉሥ እሱ ነው፣ አዴ» አለች አስካለ። አልሳቁም።

«ከስቷል?»

«አልከሳም።»

«ምን ለብሷል?»

«ኮት። ኮሌታው የተነሳ።»

«ባለፈው ቅዳሜስ?»

«ያው ኮት ነው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ያው።»

«ማን አሸነፈ?»

«ባለ መስመሮቹ።»

«ባለፈውስ?»

«እነሱ።»

ከጣሪያው ላይ ውኃ ወደ በርሜሉ ይወርድ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ሁልጊዜ ዛሬ የሚሆን ዛሬ አለ እንዴ?»

ይህ በዚያ ክረምት ያልመለስኩት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ ከተማው በሙሉ ያላየውን ግን ፊልሙን ሳያዩ አዩት።

አጎንብሰው ትከሻዬን ያዙኝ። «ፈረንጁን ጠይቅልኝ፤ ፊልሙ መቼ ነው የተነሳው? ከካቻምናው ጥምቀት ወዲህ ከሆነ ልጄ አለ፣ እስክሞት እጠብቀዋለሁ። ከዚያ በፊት ከሆነ ግን...» ድምፃቸው ቀነሰ። «ከዚያ በፊት ከሆነ አልቅሼ ልረፍ። በሰው ቤት ማልቀስ ሰለቸኝ፣ ልጄ።»

በማግስቱ ሚስተር ኬንን ጠየቅኩት። የጣሳውን ክዳን ገልብጦ አሳየኝ። ውስጡ ወረቀት ተለጥፏል። ከላይ እስከ ታች የከተማ ስም፣ እያንዳንዱ በሌላ እጅ የተጻፈ፣ ከጎኑ ቀን፣ አንዱ አንዱን እየተከተለ ተሰርዟል። ጥቅሉ አንድ ነው፣ ከተማው ብዙ ነው፤ አንዱ ከተማ እሑድ ያሳይና ለሚቀጥለው በፖስታ ይልከዋል። እያለ እያለ ወንድሙ ዘንድ ደረሰ፣ የመጨረሻው እሱ ነበር።

«ታዲያ ተናጋሪው ‹ዛሬ› ሲል?»

ሚስተር ኬን ሳቀ። «ለእያንዳንዱ ከተማ ዛሬ።»

ዛሬ በፖስታ ይሄዳል ማለት ነው። ጣቴን ከላይኛው ቀን ላይ አድርጌ ከፈረንጅ ዘመን ወደ እኛ ዘመን ቆጠርኩ፤ እንዲያ ያለ ሂሳብ ከክፍላችን የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ግርማ ባሕር ገባ ከተባለበት ጥምቀት በፊት ነው፤ ብዙ በፊት።

ወደ ጉብታው ወጣሁ። አዴ ጫልቱ አጥሩ ጋ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። መንገድ ላይ ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር፤ ስደርስ ግን ኦቦ ቱፋ ከደጃፍ ሆነው አዩኝና እጃቸውን ከፍ አድርገው እንደ እኩያ ሰላም አሉኝ። እጄን የሳሙት ሰው። ለመጋዘን ሙሉ ሰው «ዛሬ ነው» ያልኩት እኔ።

«አላውቅም አለ» አልኳቸው።

አዴ ጫልቱ ዓይኔን አዩት። «የማያውቀው እሱ ነው ወይስ አንተ?»

«እሱ።»

ሁለት ቅዳሜ አለፈ። አልነገርኩም። ሰውየው አምስት ላይ መጣ፣ ከዚያ አራት ላይ። ኦቦ ቱፋ ለልጃቸው ጎጆ ሊሠሩ እንጨት አስቆረጡ። እንጨቱ ከመጋዘኑ በላይ ዝናብ ላይ ተከምሮ ሳየው ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። እህል አልበላ አለኝ፤ አስካለ «ንጉሡ ጾም ገቡ» አለችኝ።

በነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ አዴ ጫልቱ መጡ። ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ከባላቸው ጎን ተቀመጡ። ኦቦ ቱፋ ደስ ብሏቸው «ታያለሽ፣ አሁን ታያለሽ» ይሏቸዋል። ጨዋታው ተጀመረ። እኔ ከጆንያው ላይ ወርጄ ማሽኑ ጋ ቆምኩ፤ ያን ቀን መተርጎም አልፈለግኩም፣ ሰዉም ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል። የማዕዘን ምቱ ሊደርስ ሲል ሞተሩ ውጭ ተንተፋተፈ። ሚስተር ኬን «አንተ ያዝ» ብሎኝ ወደ ዝናቡ ሮጠ።

ማዕዘን ተመታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

መጣ።

አዴ ጫልቱ ብድግ አሉ። «አቁምልኝ» አሉ። ጮክ ብለው አይደለም። ፊታቸውን ወደ እኔ አልመለሱም። «አንዴ አቁምልኝ፣ ልየው።»

እጀታዋን ተጫንኩ።

ከሁሉ በፊት የቆመው ድምፁ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ አፉን እንደከፈተ ጸጥ አለ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ብቻ ቀረ። ሰውየው አቡጀዲው ላይ ቆመ፣ እጁ ብብቱ ሥር፣ ዓይኑ እኛ ላይ። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት። ከንፈሩ ክፍት ነበር፤ ሰው ከሩቅ ሲጠሩት «አቤት» ሊል ሲል እንደሚከፍተው። ግርማ ይሁን አይሁን እኔ ልምል አልችልም፣ ግርማን አላውቀውም። እናቱ ግን «እሱ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ደረቱ ላይ ቡናማ ነጥብ ወጣች። ሰፋች። አንገቱን በላችው። ፊቱ አበጠ፣ አንዴ የሚስቅ መሰለ፣ ከዚያ መሀሉ ተቀዶ ነጭ ብርሃን ብቻ ሆነ። የተቃጠለ ነገር ሸተተ። መጋዘኑ ውስጥ ልጅ እንኳ አላለቀሰም።

አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ሳቡ፣ ወገባቸው ላይ አሰሩት፣ ደረታቸውን መቱ። «ልጄ!» አሉ። ሁለት ክረምት አፍነው ያቆዩት ነው፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ሴቶቹ ተነስተው ከበቧቸው። ኦቦ ቱፋ ባዶውን ብርሃን እያዩ ቆመው ቀሩ። ሰው ሁሉ መርዶ በመጣ ቀን በር ላይ እንደተቆጡት የሚቆጡ መስሎት ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አውልቀው መሬት ላይ ጣሉ።

«አየሁት» አሉ። «ሲሄድ አየሁት።»

ሚስተር ኬን በዝናብ ርሶ ገብቶ መብራቱን አጠፋ። አልተቆጣኝም። የተቃጠለውን ቆርጦ ሲያወጣ ከጎኑ ያልተነካች ጣት የምታህል ቁራጭ ቀርታ ነበር፤ ወደ ብርሃን ሲያነሷት ሰውየው እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ትንሽ ሆኖ በረድፍ ይታያል። በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ለቅሶው በማግስቱ ተቀመጠ። ሬሳ ስለሌለ የግርማን ልብስ በሰሌን ላይ ዘረጉት፣ ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ የድሮ ጫማው። ቁራጯን ለአዴ ጫልቱ ሰጠኋቸው፤ የሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ከተቷት። በራሳቸው ቤት፣ ለራሳቸው ልጅ አለቀሱ። ኦቦ ቱፋ መሬት ተቀምጠው ነበር። የሐጂ ዘበኛ ከወንዶቹ መሀል ሆኖ በጣቱ አሳየኝ።

«ያቃጠለው ይሄ ነው። ይሄ አውቃለሁ ባይ።»

አስካለ እጄን ያዘችኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ኦቦ ቱፋ ቀና አሉ፣ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ተዉት» አሉ። «ልጅ ነው። አላወቀም።»

ስለዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ሰበታ ውስጥ የሚወራው ይኸው ነው፤ የማያውቅ ልጅ ማሽን ነክቶ ፊልሙን አቃጠለ። እኔ ማሽን ሳላውቅ ነክቼ አላውቅም። ጣቴ እጀታዋ ላይ ሳለች እስከ ሦስት እንደማይቆይ አውቅ ነበር። ቀኑንም አውቅ ነበር። በአፌ መናገር ያቃተኝን ነው በእጄ የተናገርኩት። ኦቦ ቱፋ «አላወቀም» ሲሉ ለቀስተኛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። በሕይወቴ አያውቅም ተብዬ ዝም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።